በሰው እጅ የተጻፈ ልመና

ኬዚያ ቢሴል ዝይ ታረባ ነበር። ቤቷ ከጸሎት ቤቱ ቁልቁል፣ ወንዙ በጸደይ ሲሞላ ደጃፉን ሊልስ ጥቂት በሚቀረው ቦታ ላይ ነው። በመንደራችን በኮልድ ብሩክ ሰው የሚተኛባቸው የላባ ፍራሾች አብዛኞቹ ከእሷ ዝይዎች የወጡ ናቸው። ትልልቁን የክንፍ ላባ ግን ለማንም ፍራሽ አትሰጥም። በጋለ አሸዋ ቀብራ ታጠነክረዋለች፤ ከዚያ ጉልበቷ ላይ ቆዳ አንጥፋ ጫፉን በትንሽ ቢላ ትቀርጸዋለች። የኬዚያ ብዕር ወረቀት አይቧጭርም ይባል ነበር። አባቴ የመንደሩ መምህር ስለነበር ብዕር የሚወስደው ከእሷ ነው፤ እኔም ፊደል የለየሁት በእሷ ዝይ ላባ ነው።

እሷ ራሷ ግን ትምህርት ቤት አልዋለችም። መርፌና ክር እያዞረ የሚሸጥ አንድ ሰው በረዶ ይዞት ቤታቸው ሲከርም ማንበብና መጻፍ አስተማራት። አባቷ የወንዙ አሻጋሪ ነበር፤ ፊደል አያውቅም። ወዲያ ማዶ መልእክት የሚልክ ሰው ሲመጣ ልጁን ይጠራና፣ ሰውየው አንድ እግሩን ጀልባው ላይ አድርጎ የሚናገረውን እሷ ትጽፋለች። ጀልባው ሳይነሳ መጨረስ ነበረባት። ስለዚህ ትርፍ ቃል የሚባል ነገር አልለመደችም። ፊደሏም እንደዚያው ነው፤ ትልልቅ፣ ቀጥ ያለ፣ ጌጥ የሌለው። ራቅ ብለው ሲያዩት የአጥር እንጨት የተደረደረ ይመስላል።

እናቷ ወንድሟን አሳሄልን ስትወልድ ሞተች። ኬዚያ ገና ልጅ ነበረች፤ ሆኖም ጨቅላውን በላም ወተት በተነከረ ጨርቅ እያጠባች ያሳደገችው እሷ ናት። ሁለት ጊዜ ለጋብቻ ተጠይቃ «ልጁ ይደግ» ብላ መለሰች። ልጁ ሲያድግ ጠያቂ አልነበረም። አሳሄል ሲስቅ ቤቱን የሚሞላ፣ ከእህቱ በስተቀር ማንንም የማይፈራ ጎረምሳ ሆነ። እሷ መጻፍ ስታስተምረው እሱ በወረቀቱ ዳር ዳር ዝይ ይስል ነበር።

ከባሕር ማዶ ሆኖ ይገዛን ከነበረው ንጉሥ ጋር ጦርነቱ ሲነሳ የእኛ ወንዝ ልጆች የተሰለፉት በጄኔራል ሃርትዌል ሥር ነው። ሰውየው ከጦርነቱ በፊት በሸንጎ ተቀምጦ የሰው አቤቱታ ሲሰማ የኖረ ነው፤ ከጦርነቱም በኋላ ገዥ ሆኗል። ስለዚህ ልጁ የታመመበትም፣ እህሉ የተወሰደበትም፣ ደመወዙ የቀረበትም ሁሉ ለእሱ ይጽፋል። መጻፍ የማይችለው ደግሞ ወደ ኬዚያ ይወርዳል።

የመጀመሪያው ጄቤዝ ክሮ ነበር።

«አክስት ኬዚያ፣ ላሜን በሉብኝ!» አለ ገና ከበሩ ሳይገባ። በመንደሩ ሁሉም አክስት ይሏታል፤ ከእሷ በዕድሜ የሚበልጣትም ጭምር።

«ማን በላት?»

«ሠራዊቱ ነዋ! የገዛ ሠራዊታችን! ንጉሡ ቢበላት እንኳ እንዲህ ባልከፋኝ።»

«ተቀመጥ። ምን ይጻፍልህ?»

«እንዲህ በይ። እኔ ጄቤዝ ክሮ፣ የአዳም ክሮ ልጅ፣ አያቴ ሰፋሪዎቹን ወደዚህ አገር ባመጣችው በመጀመሪያዪቱ መርከብ ባይመጣም በሁለተኛዋ መርከብ መጥቶ...»

«ጄኔራሉ እኮ ቆሞ ነው የሚያነበው» አለችው። «ፈረሱ እየተጫነለት። አያትህ ከመርከብ ሳይወርድ ሰውየው ይሄዳል።»

ጄቤዝ አፉን ዘጋ። እሷ ጻፈችና አነበበችለት። «ክቡር ጄኔራል፤ ወታደሮችዎ ላሜን አርደው በሉ። አልከለከልኳቸውም፤ ርቧቸው ነበር። አምስት ልጆች አሉኝ። ሌላ ላም የለኝም። ጄቤዝ ክሮ፣ ኮልድ ብሩክ።»

«ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው።»

«ግንባሯ ላይ ያለው ነጩስ?»

«እሱም ተበልቷል፤ ጄቤዝ።»

ከጥቂት ሳምንት በኋላ አንድ ወታደር ቀይ ላም እየሳበ መንደሩ ገባ። ጄቤዝ ላሟን በመንገዱ ላይና ታች ሲያመላልሳት ዋለ፤ ያላያት ሰው እንዳይቀር።

ከዚያ ወዲያ የኬዚያ በር አልተዘጋም። ዶርካስ ፔል የምትባለው ባሏ የሞተባት ሴት መጥታ ከቁጥቋጦ እንደወጣች ወፍ ምድጃው አጠገብ ኩምትር ብላ ተቀመጠች። ኬዚያ ሥራዋን እየሠራች ጠበቀቻት። በመጨረሻ «ምን ትፈልጊያለሽ ዶርካስ?» ስትላት «ልጄን» አለች። ደብዳቤው ከዚያ ብዙም አልረዘመም። «ሦስት ልጆች ሰጥቻለሁ። ሁለቱ አይመለሱም። ሦስተኛውን ይመልሱልኝ።» ልጁ ለድርቆሽ አጨዳ ደረሰ።

ሰዎቹ አይብ ያመጡላታል፣ የተፈተለ ተልባ ያመጡላታል፤ አንዳንዱም ባዶ እጁን መጥቶ እንጨት ፈልጦላት ይሄዳል። ስሟን በአንድም ደብዳቤ ላይ አላሰፈረችም። ነገር ግን መንደር መንደር ነው። የመጠጥ ቤቱ ባለቤት ሚስት ፕሩደንስ ሎት አንድ ቅዳሜ በሰው ፊት፦

«አክስት ኬዚያ፣ ጄኔራሉ ሚስቱ ሞታበታለች አሉ። ፍራሹን በላባ ሞላሽለት ወይስ ገና ነሽ?» አለቻት።

ሰው ሁሉ ሳቀ። ኬዚያም ጆሮዋ ድረስ ቀልታ አብራ ሳቀች።

«ተዪኝ እባክሽ ፕሩደንስ። ሰውየው ስሜን እንኳ አያውቅ።»

«ያውቀዋል፤ ያውቀዋል። መንገዱን እየጠረግሽ ነው። ለራስሽ የምትሄጂበት ቀን ይመጣል!»

ቀልድ ነበር። ፕሩደንስ ራሷ ለወንድሟ ደብዳቤ አጽፋ ነበር፤ ክፋት አልነበራትም። ግን ዓይነ አፋር ሰው ላይ የወደቀ ቀልድ እንደ ዓሣ አጥንት ነው፤ ሌላው በልቶ ሲነሳ እሱ ጉሮሮ ውስጥ ይቀራል።

በእኛ ጸሎት ቤት አንድ ልማድ አለ። ሕመም ወይም ጭንቅ የገባበት ሰው በእሑድ ጉባኤ እንዲጸለይለት የፈለገ እንደሆነ ልመናው በቁራጭ ወረቀት ተጽፎ ለመጋቢው ይሰጣል። መጋቢው ሲያነበው ባለጉዳዩ ከመቀመጫው ተነሥቶ ይቆማል። ወረቀቱን ግን ባለጉዳዩ አይጽፈውም፤ ጎረቤት ይጽፍለታል። መጻፍ የሚችልም ቢሆን ለራሱ አይጽፍም። የሰው እጅ ምስክር ነው፤ ለራስ በራስ እጅ መለመን ግን ደፋርነት ነው ተብለን አድገናል። የመንደሩን ወረቀቶች አብዛኞቹን የምትጽፈው ኬዚያ ነበረች፤ ለእሷ ግን እስከዚያ ድረስ አንድም ተጽፎ አያውቅም።

አሳሄል የተያዘው በባሕሩ ዳር በትንሽ ጀልባ ጥበቃ ላይ ሳለ ነው። ጠላት ወስዶ በኒው ዮርክ ወደብ፣ ምሰሶዋ ተነቅሎ እስር ቤት በሆነች አሮጌ መርከብ ውስጥ አጎረው። ይህን ያመጣላት ከዚያው መርከብ በልውውጥ የተለቀቀ ሳይላስ የሚባል የጎረቤት ልጅ ነው። ነሐሴ ነበር፤ በእኛ አገር የሙቀት ወር ነው። ሳይላስ ፀሐይ ላይ ተቀምጦ እንኳ ብርድ ልብሱን አልጣለም።

«አለ?» አለችው።

«አለ። ያስላል፤ ግን ይቀልዳል። በግድግዳው ላይ በከሰል ዝይ ይስላል።»

«ምን ይበላል?»

«እሱን አትጠይቂኝ አክስት ኬዚያ።»

ብርድ ልብሱን ትከሻው ላይ አስተካከለችለት።

«ስሚኝ» አለ ሳይላስ። «ሌላ ልውውጥ አለ ይላሉ፤ ቅጠል ሳይረግፍ። በእኛ በኩል ዝርዝሩን የሚያወጣው ጄኔራል ሃርትዌል ነው። ስሙን አስገቢው። አንቺ ብትጽፊ ይገባል። በረዶው እዚያ ከያዘው ግን...» የቀረውን በራሱ ነቀነቀው።

ኬዚያ የዚያኑ ዕለት ከሰዓት አዲስ ብዕር ቀረጸች። ወረቀት ዘረጋች። «ክቡር ጄኔራል፤» ብላ ጻፈች። ከዚያ ቆመች።

ለምን እንደቆመች ከብዙ ዓመት በኋላ ነው የነገረችኝ። ፊደሉን አየችው። ያው የአጥር እንጨት ነው፤ ለላም የለመነው፣ ለዶርካስ ልጅ የለመነው። ጄኔራሉ ሲያየው የሚለው በፕሩደንስ ድምፅ ተሰማት፦ መንገዱን ስትጠርግ የኖረችው ለዚህ ነው፤ ይኸው ለራሷ መጣች። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ይባላል። ኬዚያ ለራሷ መቁረስን ከናካቴው ፈራችው። ከዚያም የጸሎቱ ወረቀት ትዝ አላት፤ ልቧም አረፈ። ለራስ አይጻፍም፤ ጎረቤት ነው የሚጽፈው። ወረቀቱን አጠፈችና ወደ አባቴ ቤት ወጣች።

«መምህር ፎስዲክ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎ።»

«አንቺ? አንቺ ደግሞ ማስቸገር ጀመርሽ?» አለ አባቴ ወንበር እየሳበላት።

ነገረችው። አባቴ አዘነ፤ እጇንም ያዘ። ከዚያ ግራ ገብቶት «አንቺው ብትጽፊው አይሻልም? የመንደሩን ሁሉ የምትጽፊ» አላት።

«ለራስ አይጻፍም። ያውቃሉ።»

«እሱስ እውነት ነው» አለ አባቴ። የዚህ መንደር ልጅ ነውና ለእሱም ነገሩ ሌላ መልስ አልነበረውም።

አባቴ የዋህ ሰው ነበር፤ ቃል ይወዳል። የድሮ ሮማውያንን ንግግር በቃሉ ይወጣዋል፤ ሆኖም በዕድሜው ሙሉ ከዚህ መንደር ሕፃናት በስተቀር የሚሰማው አላገኘም። ስለዚህ ያለውን ሁሉ በዚያ ደብዳቤ ላይ አፈሰሰው። አምስት ገጽ ሆነ። ፊደሉ እንደ ወይን ሐረግ የተጠማዘዘ፣ የመጀመሪያው ሆሄ ብቻውን ለመመልከት የሚያስመኝ ነበር። «የዚህች የተጨነቀች ምድር የንጋት ኮከብ ሆይ» ብሎ ይጀምራል። ኬዚያን ጠርቶ ቆሞ አነበበላት። እሷም አለቀሰች፤ እንዲህ ያለ ውብ ነገር ለአሳሄል ይጻፋል ብላ አስባ አታውቅም።

ብቻ አንድ ነገር ልብ ብላለች። የአሳሄል ስም የመጣው አራተኛው ገጽ ላይ ነበር።

«መምህር፣ ስሙ ትንሽ...» አለች።

«ምን?» አለ አባቴ። ፊቱ እንደ ልጅ ፊት በርቶ ነበር።

«ምንም። እጅዎን ይባርከው።»

ደብዳቤው ሄደ። ኬዚያ የወንድሟን ሸሚዝ አጠበች፤ የበግ ፀጉር ካልሲ ሠራች፤ ለሚያስል ሰው የሚሆን ማርና ሥራ ሥር አዘጋጀች። የሜፕሉ ዛፍ ቅጠል ቀላ፤ ከዚያም ረገፈ። አንድ ቀን ከልውውጡ የመጡት ሰዎች በጀልባ ወንዙን ሽቅብ ወጡ ተባለ። ኬዚያ ብርድ ልብስ ይዛ አባቷ ያሻግር በነበረበት ቦታ ቆመች። ሰዎቹ እየተደገፉ ወረዱ። ሁሉም ከወረዱ በኋላ ቀዛፊው፦

«የሚጠብቁት ሰው አለ፣ እመቤት?» አላት።

«ሌላ ጀልባ ይኖር ይሆን?»

«የለም። ይኸው ነው።»

ብርድ ልብሱን የማንም ወገን ላልሆነ አንድ ታማሚ አልብሳው ተመለሰች።

አሳሄል በረዶው ሳይጋመስ ሞተ። የቀበሩት ባሕሩ ዳር አሸዋ ውስጥ ነው፤ የት እንደሆነ የሚያሳይ ምልክት የለም። በመጋቢት የጄኔራሉ መልስ ደረሰ፤ እስረኛው በሚቀጥለው ዝርዝር እንዲገባ ታዟል ይላል። ኬዚያ መልሱን ለአባቴ ልታነብለት መጣች።

«በደንብ ነው የመለሱት» አለችው። «ስሙንም ሳይሳሳቱ ጽፈውታል።»

አባቴ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። «ያለኝን ሁሉ ነው የጻፍኩት፤ ኬዚያ።»

«አውቃለሁ። ከዚያ የተሻለ ማንም አይጽፍም ነበር።»

ይህንንም አምና ነበር ያለችው። ለዓመታት የያዘችው መጽናኛ ይኸው ነው። በአገሩ ሊጻፍ ከሚችለው የበለጠው ደብዳቤ ተጽፎለታል፤ ያ ካላዳነው የሚያድነው አልነበረም። ኀዘኗ ከባድ ነበር፤ ግን ወለል ነበረው፤ እግሯን ታሳርፍበታለች። ለሰው መጻፏንም አልተወችም። ጦርነቱ እስኪያልቅ የኮልድ ብሩክ ልመና ሁሉ በእሷ እጅ ወጣ፤ አብዛኛውም ተሰማ።

ሰላም ከሆነ በኋላ በአንዱ በጋ፣ ሩፈስ ዌልስ የሚባል ሻለቃ በመንደራችን ሲያልፍ የፈረሱ ጫማ ላላበት። በጦርነቱ ጊዜ የጄኔራል ሃርትዌል ጸሐፊ የነበረ ሰው ነው። አንጥረኛው ፈረሱን ሲያይለት እሱ ወደ ጸሎት ቤቱ በር ተራመደ። እዚያ በር ላይ የሚጋቡ ሰዎች ስም፣ የጠፋ ከብት፣ የሚሸጥ ማረሻ ማስታወቂያ ይለጠፋል። አንዱ «ነጭ ዝይ ጠፍታለች። ግራ እግሯን ታነክሳለች። ሰውም ትነክሳለች። ያገኘ ለኬዚያ ቢሴል» ይላል።

ሻለቃው ቀልቡ ወደ ፊደሉ ሄዶ ቆመ። ከዚያ እንደ ልጅ ጮኸ።

«ይሄን የጻፈው ማነው?»

«የቱን?» አለ አንጥረኛው።

«የዝይዋን!»

«አክስት ኬዚያ ናታ። ዝይዋን አግኝተሃት እንደሆነ ተጠንቀቅ ብቻ፤ ማስታወቂያው ሐሰት የለበትም።»

ሻለቃው ወረቀቱን ከበሩ ላይ ነቅሎ ቁልቁል ወረደ። ኬዚያ ደጃፏ ላይ ላባ ትለይ ነበር።

«እመቤት፣ በጦርነቱ ጊዜ ለጄኔራል ሃርትዌል ይጽፉ ነበር?»

ደነገጠች፤ ክስ መሰላት። «ለሰው ነው የጻፍኩት፤ ጌታዬ። ለራሴ አንድም አልጻፍኩም።»

ሻለቃው ሳቀ። «ወንድ መስለውን ኖሯል! እኔ 'ዳኛ መሆን አለበት' ስለው ጄኔራሉ 'የለም፤ ይሄ ጀልባ እንዳያመልጠው የሚቸኩል ሰው ነው' ይለኝ ነበር።»

ኬዚያ ፈገግ አለች። አባቷ ትዝ አላት።

«የደብዳቤው ከረጢት ሲፈታ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ይኼን ነበር» አለ ሻለቃው። «'የኮልድ ብሩኩ እጅ አለ?' ይለኛል። ካለ ከሁሉ በፊት እሱ ይነበባል። ቆሞ፣ ፈረሱ እየተጫነለት፤ ለመቀመጥ እንኳ አይጠብቅም። እውነቴን ነው የምልዎ፤ በዚህ እጅ ተጽፎ መጥቶ መልስ ሳያገኝ ያደረ ደብዳቤ አላውቅም።»

ኬዚያ ላባውን ከጉልበቷ ላይ አራገፈች። ቆሞ ያነበዋል ስትል የኖረችው እውነት ኖሯል። ለአፍታ ደስታ ገባት፤ የሌላውን ነገር ጥላ ከማየቷ በፊት ለአፍታ።

«ሌሎቹስ?» አለች። «ረጃጅሞቹ?»

«አይ፤ እነሱማ መዓት ናቸው። መጋቢው ይጽፋል፣ መምህሩ ይጽፋል። ለእነሱ ቅርጫት ነበረን። ሠራዊቱ በረዶ ይዞት ሰፈሩ ሲቀመጥ፣ ሥራ ሲቀል እናያቸዋለን እያልን ወደዚያ እንጥላቸዋለን።» ሻለቃው ሣሩ ላይ ተቀመጠ፤ ጨዋታው ጥሞታል። «አንዱን ግን መቼም አልረሳው። 'የዚህች የተጨነቀች ምድር የንጋት ኮከብ ሆይ' ይላል። አልዋሽም፤ ጥሩ ነበር። ጄኔራሉ በጥር ምድጃ ዳር ተቀምጦ ጮክ ብሎ አነበበው፤ ወደደውና ደግሞ አነበበው። ግን እስቲ ይታይዎ፤ ሰውየው የሚለምነው የአንድ እስረኛ ነገር፣ እሱም አራተኛው ገጽ ላይ...»

ፊቷን ሲያይ አቆመ።

«ከየት ነበር ያ ደብዳቤ?» አለ ቀስ ብሎ።

«ከዚሁ ነው።»

«የእስረኛው ስም...»

«አሳሄል ቢሴል።»

ሻለቃው እጁ ላይ ያለውን የዝይ ማስታወቂያ አየ፤ ከግርጌው ያለውን ስም አነበበ። ባርኔጣውን አወለቀ።

«በእግዚአብሔር እመቤት፣ ለምን በእጅዎ አልጻፉትም?»

«ለራስ አይጻፍም» አለችው።

አልገባውም። የከተማ ሰው ነው፤ ቢያብራሩለትም የሚገባው ነገር አልነበረም። ቆሞ ይቅርታ የሚመስል ነገር ተናገረ። ከዚያ አንድ ነገር ለመነችው። በሕይወቷ ለራሷ ብላ ሰው ስትለምን ያ የመጀመሪያዋ ሳይሆን አይቀርም፤ እሱም ቢሆን ለራሷ አልነበረም።

«መምህሩ እዚያ ላይኛው ቤት ነው ያለው። ደብዳቤው ምን እንደሆነ ሁልጊዜ ያስባል። ይሂዱና ይንገሩት።»

«ምን ብዬ?»

«ያሉኝን። ጄኔራሉ ሁለት ጊዜ እንዳነበበው። በየትኛው ወር እንደሆነ ግን አይንገሩት።»

ሻለቃው ወጥቶ ነገረው። አባቴ ያን ቀን ምሳ አልበላም፤ ከደስታው ብዛት። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ በመከሩ የምስጋና በዓል፣ የዱባው ኬክ ሲቀርብ፣ «አንድ ጊዜ ለጄኔራል ሃርትዌል ጽፌ ሁለት ጊዜ ነው ያነበበው» ይላል። ኬዚያም ገበታችን ላይ ትገኝ ነበር፤ ወገን አልነበራትምና። አባቴ «አይደለም እንዴ ኬዚያ?» ሲላት «አዎ፤ ሁለት ጊዜ ነው» ትለዋለች። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ይህን ስሰማ ያደግሁ፣ በአባቴ የኮራሁ ነኝ።

እውነቱን የነገረችኝ አባቴን ከቀበርን በኋላ፣ እኔና እሷ ለላባ ነቀላ በተቀመጥንበት ቀን ነው። ዝይዋን በብብቷ ይዛ፣ ዓይኗን ከሥራዋ ሳታነሳ ተናገረች። «አባቴ እኮ...» ብዬ ጀመርኩ።

«አባትሽ የሚያውቀውን ነው የሰጠኝ» አለችኝ። «አምስቱ ገጽ አይደለም የሚቆጨኝ። አራተኛው ገጽ ላይ ስሙ ሲመጣ አፌን ከፍቼ መልሼ መዝጋቴ ነው። ለጄቤዝ አያት የነበረኝን ምላስ ለወንድሜ አጣሁት።»

ከሻለቃው በኋላ የእሷ ኀዘን ወለል አልነበረውም። ይህ የሚታይ ነገር አይደለም፤ ዝይዎቿን ታረባለች፣ ከሰው ጋር ትስቃለች። ለውጡ አንድ ነገር ላይ ብቻ ይታይ ነበር። ደብዳቤ ሊያጽፍ ለመጣ ሰው ወረቀቱን ወደ እሱ ታዞርለታለች። «እኔ እጅህን እይዛለሁ፤ አንተ ጻፍ» ትላለች። ጄቤዝ ክሮ በስተርጅናው ስሙን መጻፍ የተማረው በዚህ ነው። «ላሜን ደግመው ቢበሉብኝ ይሻለኝ ነበር!» እያለ እያማረረ፣ ላቡ እየተንጠባጠበ ጻፋት።

ያለፈው የካቲት ኬዚያ ደረቷን ታመመች። ቅዳሜ ላያት ወረድኩ፤ ለእሑዱ ጸሎት የሚሆን ቁራጭ ወረቀት ይዤ ነበር። በልማዳችን እኔ ልጽፍላት ነው። ትራሷን ደግፌ አስቀመጥኳትና ብዕሩን ቀለም ውስጥ ነከርኩት።

«ምን ብዬ ልጻፍ፣ አክስት ኬዚያ?»

እጇን ዘረጋች። መጀመሪያ ውኃ የፈለገች መሰለኝ።

«ወዲህ በይው» አለች።

ጊዜ ወሰደባት። የአጥር እንጨቶቹ ዘመም ዘመም ብለው ነበር፤ ግን ያው ናቸው። ሳይደርቅ እፍ ብላበት ሰጠችኝ።

እሑድ መጋቢው የወረቀቶቹን ጥቅል ፈታ። በዚያ ብርድ የታመመው ብዙ ነው፤ ወረቀቱም ብዙ ነበር። አንዱን አየና ሳያነበው አስቀመጠ፤ ሌላውንም እንዲሁ። ከዚያ አንዱ ላይ ቆየ። መነጽሩን አስተካከለ። ዓይኑን አንሥቶ ተሰብሳቢውን ተመለከተ፤ እንደገና ወረቀቱን። እኔ በእሷ ፈንታ ተነሥቼ ቆምኩ።

«ታምሜያለሁ» ብሎ አነበበ መጋቢው። «መሞት አልፈልግም። ጸልዩልኝ። ኬዚያ ቢሴል።»

አግዳሚዎቹ ላይ ሹክሹክታ አለፈ። ፕሩደንስ ሎት፣ አሁን ፀጉሯ ሁሉ የነጣ፣ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ጸሎቱ ገና ሳይጀመር ጄቤዝ ክሮ ከኋላ «አሜን!» ብሎ ጮኸ፤ ማንም አልሳቀበትም።

ከጸሎት ወጥቼ በበረዶው ውስጥ ቁልቁል ሮጥኩ። ዓይኗን ጨፍና ነበር፤ የተኛች መስሎኝ በቀስታ ተቀመጥኩ።

«አነበበው?» አለችኝ።

«አነበበው።»

«ሌሎችም ነበሩ?»

«ብዙ ነበሩ።»

ትንፋሿ ከደረቷ እየተጎተተ ይወጣል።

«ስንተኛ ላይ?»

«መጀመሪያ» አልኳት። «ከሁሉ በፊት።»

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ እጇ ግን እጄን አልለቀቀም። በሕይወት የቆየችው እስከ ማክሰኞ ንጋት ነው።